በዓይነ ቁራኛ

መቼም አገር ቤት ለዘመድ ጥየቃ የሄደ ሰው ይዞት የሚመለሰው ወሬ አያጣም። እኔም በ2014 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን ደብረ ማርቆስ ሄጄ አክስቴ ቤት ጥቂት ቀን ሰንብቼ ነበር። አብዛኛው ነገር እንደነበረ ነው። የጮቄ ንፋስ ያው የጮቄ ንፋስ ነው፤ ማታ ማታ ጋቢ ያስደርባል። አክስቴም ‹‹ብላ እንጂ ልጄ፣ አዲስ አበባ ጉሮሮህን አጠበበው እንዴ?›› ማለቷን አልተወችም። አዲስ ሆኖ ያገኘሁት ነገር አንድ ብቻ ነው። ከአክስቴ በር ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ጣሪያ ሥር፣ የቡና ስኒ የምታህል ነጭ ነገር ተሰክታ አንድ ዓይኗን በሩ ላይ ተክላለች።

‹‹ይች ነገር ምንድን ናት ልጄ?›› አለችኝ አክስቴ፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ በአገጯ እየጠቆመች።

‹‹ካሜራ ናት፣ እትዬ። ለሌባ ነው።››

‹‹እሱንስ ባለሱቁም ነግሮኛል። እኔ የምጠይቅህ በወዲያኛው በኩል ሆኖ የሚያየኝ ማን ነው?››

‹‹ማንም ላይሆን ይችላል። ዝም ብላ ነው የምትቀርፀው።››

‹‹ማንም የማያየኝ ከሆነ ለምን ትቀርፀኛለች? የሚያየኝ ካለ ደግሞ እኔስ ለምን አላየውም?››

ስንት ዓመት ተማሪ ፊት ቆሜ ስለፈልፍ የኖርኩ ሰው ለዚህች ጥያቄ መልስ አጣሁ። ‹‹ቡናው ቀዘቀዘ›› ብዬ አለፍኩት።

ለካ የሰፈሩ ሰውም በዚያው ሰሞን በዚሁ ጉዳይ ሲመክር ኖሯል። ሌብነት በርትቷል። የውኃ ቆጣሪ ይነቀላል፤ የታጠበ ልብስ ከገመድ ላይ ይለቀማል፤ ሱቅ ይሰበራል። ሰፈሩን ለሁለት የምትከፍል አንዲት ቀጭን ወንዝ አለች፤ ክረምት ካልሆነ በቀር ልጅ በዝላይ የሚሻገራት ናት። ወዲህኛው ወገን አንድ ቀበሌ፣ ወዲያኛው ሌላ ቀበሌ ነው። ሌባ ግን የቀበሌ ወሰን አያውቅም። እዚህ ሰርቆ እዚያ ይሸጣል፤ እዚያ ሰርቆ እዚህ ያድራል። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን የተውጣጡ ነጋዴዎችና ወጣቶች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰቡ። እኔም እንግዳ ነህ ተብዬ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

አንድ ነቃ ያለ ወጣት ተነሥቶ ሐሳቡን አቀረበ። ሁለቱም ቀበሌዎች ገንዘብ አዋጥተው በወንዙ ግራና ቀኝ ካሜራ ይስቀሉ። የሁሉም ካሜራ ሽቦ አንድ ክፍል ይግባ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ልጆች ተራ እየገቡ ሌት ተቀን ይጠብቁ። ለየብቻ ከሆነ ወጪው አይቻልም፤ በጋራ ከሆነ ይቻላል፤ ሌባውም ወንዝ ተሻግሮ አያመልጥም። ልጁ ጥሩ አድርጎ አስረዳ፤ ተጨበጨበለት።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ‹‹ልጆቼ፣ አሳባችሁ መልካም ነው። ግን እዚያ ክፍል ተቀምጠው የሚያዩት የማን ልጆች ናቸው? ከወዲህ ናቸው ወይስ ከወዲያ?›› ሰው ሣቀ። እሳቸው ግን አልሣቁም። ‹‹ያዩትንስ ለማን ነው የሚናገሩት? ለእኛ ነው፣ ለእነሱ ነው፣ ወይስ ለመንግሥት?›› በዚህ ጊዜ ሣቁ ቀረ። ትንሽ ከተንጫጫን በኋላ ‹‹ይታሰብበት›› ተባለና ተበተንን።

የወጣቱ ሐሳብ በዓለም ላይ እንግዳ አይደለም። እንግሊዝ አገር ብትሄዱ ጎረቤት የሆኑ የአካባቢ ምክር ቤቶች ተስማምተው አንድ የካሜራ መቆጣጠሪያ ክፍል በጋራ ይይዛሉ። ከለንደን በስተሰሜን፣ ሀርትፎርድሺር በሚባለው አውራጃ፣ ስቲቨኔጅና ጎረቤቶቿ ለብዙ ዓመታት በዚህ ዓይነት ሽርክና ሠርተዋል። ምክንያቱ ያው የእኛው ወጣት ያለው ነው። ካሜራ መስቀል ያን ያህል አይከብድም፤ የሚከብደው ሌሊቱን ሙሉ የሚያየውን ሰው ደመወዝ መክፈል ነው። አንድ ተረኛ የሦስት ከተማ መንገድ ማየት ከቻለ ሦስት ተረኛ ለምን ይቀጠራል?

ነገር ግን እንግሊዞቹ ካሜራውን ሰቅለው ዝም አላሉም። በ2012 እ.ኤ.አ. ሕግ አወጡ። በዓመቱ ደግሞ የካሜራ አጠቃቀም መመሪያ ተከተለ። አሥራ ሁለት መርሆዎች አሉት። ካሜራው ለምን እንደተሰቀለ ይታወቅ፤ ሕዝቡ እየታየ መሆኑን ይወቅ፤ ቅሬታ ያለው ሰው የሚሄድበት አድራሻ ይኑር፤ የማያስፈልግ ምስል አይቀመጥ፤ የሚሉና የመሳሰሉት ናቸው። የእኛ ሽማግሌ በትር ተደግፈው የጠየቁትን ነገር፣ እነሱ በወረቀት ጽፈውታል ማለት ነው።

አሁን ወደራሴ ትዝታ ልመለስ። ሁለት ቀበሌ አንድ ላይ ሲጠብቅ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ አልነበረም።

የቀበሌ ነገር የመጣው በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በታወጀበት ጊዜ፣ በዓዋጅ ቁጥር 47 መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል። እኔ ነፍስ ሳውቅ፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ የሰፈር ጥበቃ የነዋሪው የራሱ ሥራ ነበር። ‹‹ሮንድ›› እንለዋለን። ተራው የደረሰው አባወራ ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላውንና የእጅ ባትሪውን ይዞ ይወጣል። አባቴ ሮንድ በሚወጣበት ሌሊት እናቴ አትተኛም። የተቆላ ገብስ በወረቀት ትቋጥርለታለች። እኔም አባቴ ጀግና ሆኖ ይታየኝ ነበር።

አንድ ሌሊት የጎረቤታችን በግ ተሰረቀ። ሮንዶቹ ደርሰው አባረሩ፤ ሌባው ግን ወንዟን ዘለላት። የእኛ ሰዎች ከዳር ቆሙ። ‹‹ከዚህ ወዲያ የእነሱ ቀበሌ ነው›› አሉ። ከማዶ ያሉት ሮንዶች ደግሞ ኋላ ሲጠየቁ ‹‹ሰው ሲሮጥ አይተናል፤ ግን በጉ የእኛ ስላልሆነ...›› አሉ። በጉ በሁለት ቀበሌ ጥበቃ መሐል ጠፋ።

ይኼኔ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ወንዙ ዳር ተገናኙና አንድ ነገር ተስማሙ። ከእንግዲህ ሮንድ ሲወጣ ጥንድ ጥንዱ ድብልቅ ይሁን፤ አንዱ ከወዲህ፣ አንዱ ከወዲያ። ፊሽካ ሲነፋ ወንዝ የለም። አባቴ ከማዶ ከመጣ አንድ ሸማኔ ጋር ተጣመረ። ሁለቱ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልካቸውን ወዳጅ ሆነው ኖሩ፤ ግን መጀመሪያ ላይ አንዱ ሌባውን ብቻ ሳይሆን ሌላውንም እንዲጠብቅ ነበር የተጣመሩት። ሽማግሌዎቹ የልባቸውን አልተናገሩም እንጂ አውቀው ያደረጉት ነው።

ስለበጉ የሚጣራው ነገር ግን አልቀረም። በማግሥቱ ሰው ተሰብስቦ ‹‹ያየ ይናገር›› ሲባል እኔ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ፣ እጄን አወጣሁ። በመስኮት ቀዳዳ አንድ ሰው ሲያልፍ አይቼ ነበር። ‹‹እገሌ ነው›› አልኩ፤ በሰፈሩ ስሙ በበጎ የማይነሣ አንድ ጎረቤት ነው። ሰውየው እዚያው ተቀምጧል። ሽማግሌው አስነሥተው ፊት ለፊቴ አቆሙትና ‹‹ልጄ፣ እስኪ ዓይኑን እያየህ ንገረኝ፤ በምን አወቅኸው?›› አሉኝ።

‹‹በጋቢው።››

‹‹ከዚህ ከተቀመጠው ሰው መካከል ጋቢ ያልለበሰ ማን አለ?››

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። የቄሱ ጋቢ፣ የአባቴ ጋቢ፣ የሽማግሌው የራሳቸው ጋቢ። አገሩ ሁሉ ነጭ ለብሷል። አለቀስኩ። ሰውየው ግን አልተቆጣኝም፤ ራሴን ዳበሰኝና ሄዶ ተቀመጠ። እስካሁን ድረስ ‹‹አይቻለሁ›› ልል ስል አፌን የሚይዘኝ ያ እጅ ነው።

ኋላ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ ተማሪዎቼን ‹‹በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ ምን ማለት ነው?›› ብዬ እጠይቅ ነበር። ‹‹አፍጥጦ መከታተል›› ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። ‹‹ቁራኛስ?›› ስላቸው ግን ዝም ይላሉ። ቁራኛ በድሮው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ አንድ ላይ የሚታሰሩበት ነው። አንዳንዴ በሰንሰለት፣ አንዳንዴ በነጠላቸው ጫፍ ይቋጠራሉ። ባለዕዳና አበዳሪም እንዲሁ። አብረው ይሄዳሉ፤ አብረው ያድራሉ። ከሳሹ ተከሳሹ እንዳያመልጠው ይጠብቃል፤ ግን እሱም ከቋጠሮው አያመልጥም። በከንቱ የከሰሰ ሰው የከንቱነቱን ብርድ አብሮ ይቀምሳል። ሥርዓቱ ጨካኝ ነበር፤ መቅረቱም ደግ ነው። ቋንቋችን ግን ትዝታውን ይዞልናል። በአማርኛ ሰውን አጥብቆ ማየት ማለት ከሚታየው ሰው ጋር መታሰር ማለት ነው።

አውጫጭኝም ቢሆን ከዚህ የራቀ አልነበረም። ሌባው ያልታወቀ እንደሆነ የአካባቢው ሰው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ቤቱ አይሄድም። በስውር የሚጠቁም ሰው ‹‹ወፍ›› ይባል ነበር፤ ስለዚህ ወገኖቻችን በስውር ማየትን አያውቁም ነበር ብዬ አላሞኛችሁም። ግን ሌባው ካልተገኘ ዕዳውን አገሩ በሙሉ ተካፍሎ ይከፍላል። ጥበቃው የጋራ ከሆነ ዕዳውም የጋራ ነው።

ሌባ ሻይ ደግሞ ነበር። ለአንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ያጠጡታል፤ መቀነት አስረው ይለቁታል። ልጁ እየተንገዳገደ ሰፈር ለሰፈር ይሮጣል። ገብቶ በወደቀበት ቤት ባለቤቱ ሌባ ነው ይባላል። ‹‹ኧረ እኔ አይደለሁም›› ብትሉ ማን ይሰማችኋል? ልጁን እንዳትጠይቁት ራሱን አያውቅም። መድኃኒቱን እንዳትጠይቁት አፍ የለውም። መድኃኒተኛው ደግሞ ‹‹እኔ ምን አደረግሁ? ልጁ ነው›› ይላችኋል። ሌባ ሻይ የተከለከለው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። ወደኋላ ሳስበው ሰውን የሚያስፈራው መድኃኒቱ አልነበረም፤ ጣቱን የቀሰረበትን ነገር መልሶ መጠየቅ አለመቻሉ ነበር።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ በዚያው ዓመት ክረምት አክስቴ በስልክ የነገረችኝ ነገር ነው።

በሰፈሩ አንድ ሰው ሞቶ ሁሉም ለቅሶ ቤት ነበር። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ግድም አንድ ቤት ተሰብሮ ቴሌቪዥን ተወሰደ። በማግሥቱ የፊት ለፊቱ ሱቅ ካሜራ ተከፈተ። ስክሪኑ ላይ ጋቢ የለበሰ ሰው በማዳበሪያ የተቋጠረ ዕቃ ተሸክሞ ሲያልፍ ይታያል። ከምስሉ ጥግ ሰዓቱ ተጽፏል፤ 3 ሰዓት ከ10። ፊቱ በደንብ አይታይም፤ አካሄዱን ግን ያወቀው ሰው ነበር። በሰፈሩ ሸክም እየሠራ የሚኖር አንድ ወጣት ነው። ምስሉ ከስልክ ስልክ ዞረ፤ ወንዟንም ተሻገረ። ከምሳ በፊት ሁለቱም ቀበሌ ሌባው ማን እንደሆነ አወቀ። ወጣቱ ተይዞ ሄደ።

አክስቴ ‹‹ኧረ እናንተ ሰዎች! በሦስት ሰዓትማ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲወጥር ነበር፤ ሻይ የሰጠሁት እኔ ነኝ!›› ብትል፣ ‹‹እትዬ፣ እርስዎ ይሳሳታሉ፤ ካሜራ አይሳሳትም›› አሏት። ልብ በሉ፤ ይህን ካሉት ሰዎች ብዙዎቹ ድንኳኑ ሲወጠር እዚያው ነበሩ። የገዛ ዓይናቸውን ከድተው የሱቁን ዓይን አመኑ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው ነቃ። ካሜራው ሰዓቱን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። 3 ሰዓት ከ10 ያለው የእኛን ምሽት ሳይሆን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ10ን ነበር፤ ያውም ቤቱ ከመሰበሩ 18 ሰዓት በፊት። ወጣቱ ሌሊት የተሸከመው የመንገደኛ ዕቃ ነው፤ መናኸሪያ አድርሶ አውቶቡስ ላይ ሊጭን። ሁለት ሌሊት ታስሮ ተፈታ። ማንም በሐሰት አልመሰከረበትም፤ ስለዚህ ማንም ይቅርታ አልጠየቀውም። ባለሱቁ ‹‹እኔ ያሳየሁት የተቀረፀውን ነው›› አለ። ያያዙት ‹‹ማስረጃ ስለቀረበልን ነው›› አሉ። ምስሉን ያዞሩት ‹‹እኛም የደረሰንን ነው›› አሉ። ወጣቱ ሳምንት ሳይሞላው ሰፈሩን ለቅቆ ሄደ።

ለተማሪዎቼ ስለ ሁሉን አወቅ ተራኪ ሳስተምር፣ ይህ ተራኪ ግድግዳ ጥሶ የሰውን ልብ ሳይቀር ያያል እል ነበር። ብዙ ሰው ካሜራን እንደዚያ ተራኪ ያየዋል። ካሜራ ግን የሚያየው ጋቢውን ነው። በጋቢው ውስጥ ማን እንዳለ፣ ማዳበሪያው ውስጥ ምን እንዳለ፣ ሰዓቱ የማን ሰዓት እንደሆነ የሚነግረን ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ እንደ እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅነት ፊት ለፊት ቆሞ ‹‹በምን አወቅኸው?›› ሊባል ይገባዋል።

ካሜራ ይቅር እያልኩ አይደለም። አዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት በታደሱት ጎዳናዎች ላይ ካሜራዎች ቆመዋል። ማታ ከሥራ የምትመለስ ሴት ልጅ ያለችው አባት ሆኜ ሳስበው እኔም ቅር አይለኝም። ደግሞም ሮንዱ ሁልጊዜ ቅዱስ አልነበረም፤ በቂም ሰው የጠቆመ፣ እንቅልፍ የወሰደው፣ ከሌባው ጋር የተካፈለም ነበር። ጥያቄዬ ቋጠሮው ላይ ነው። የታየው ሰው ከታሰረ ያየውስ በምን ይታሰር?

ይህ ጥያቄ ትልልቆቹንም ቤቶች አልማረም። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ሮይተርስ እንደዘገበው፣ እዚሁ አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት የጥበቃ ካሜራዎች የቀረፁት ምስል በመረጃ ሰርሳሪዎች እጅ ወደ ውጭ ሲወጣ ተደርሶበታል። ሌባ ለመጠበቅ የተሰቀለውን ዓይን ሌባ ሰረቀው ማለት ነው። የአንድ አህጉር ጽሕፈት ቤት እንዲህ ከሆነ፣ በሁለት ቀበሌ መዋጮ የቆመች አንዲት ክፍል ቁልፏ ማን እጅ እንደሚያድር መጠየቅ ነውር የለውም።

ጎጃም ላይ ደግሞ ጥያቄው ከዚያ ወዲህ ከብዷል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዓዋጅ ሲታወጅ፣ ሰው ማታ ደጅ ላይ መታየቱ ራሱ ትርጉም የሚሰጠው ነገር ሆነ። ለውኃ ቆጣሪ ሌባ የተሰቀለ ካሜራ ማን ከማን ጋር እንደቆመም ይቀርፃል። በሰላም ጊዜ የተዋጣ ዓይን በሌላ ጊዜ የሌላ ሰው ዓይን ሊሆን ይችላል። ሽማግሌው ‹‹ያዩትን ለማን ነው የሚናገሩት?›› ሲሉ ይህ ታይቷቸው ይሆን?

ሕግ የለም አይባልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት መከበር ደንግጓል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ ዓዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቶ፣ ሰው ስለራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና ስሕተቱን የማሳረም መብት አግኝቷል። ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የቀረው ነገር ይህ ዓዋጅ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ያቺን ቀጭን ወንዝ መሻገሩ ነው።

እኔ በስብሰባው ላይ ብጠየቅ ኖሮ የምለው ብዙ አልነበረም። ተረኞቹ እንደ አባቴና እንደ ሸማኔው አንድ ከወዲህ አንድ ከወዲያ ይሁኑ፤ ስማቸውም በቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ። ምስሉ ስንት ቀን እንደሚቀመጥ፣ ማን እንዳየው፣ ማን እንደወሰደው በመዝገብ ይጻፍ። በስልክ ማዞር ይከልከል። በምስል የተጠረጠረ ሰው ምስሉን ራሱ አይቶ መልስ ሳይሰጥ ስሙ አይነሣ። ንጹሕ ሰው ከተጎዳ ደግሞ ሁለቱ ቀበሌ እንደ አውጫጭኙ ዕዳ ተካፍለው ይካሱት። እባካችሁ ሰዓቱንም በሐበሻ አድርጉት!

አክስቴ ይህን ሁሉ ዝርዝር አላስፈለጋትም። ያ ሸክም ሠሪ ወጣት ሰፈሩን በለቀቀ ሰሞን፣ አንድ ቀን ቡና አፍልታ የሱቁን ልጅ ጠራችው። ካሜራውን የሚከፍተው እሱ ነው።

‹‹ና ልጄ፣ ቡና ጠጣ። ስታየኝ ነው የምትውል፤ እኔም ልይህ እንጂ!››

ልጁ አፍሮ አቀርቅሮ ጠጣ አለችኝ። በሁለተኛው ቀን መሰላል አምጥቶ ወጣና ካሜራዋን ወደ ሱቁ የራሱ በር አዞራት።

‹‹እሺ፣ አሁን ደስ አለሽ?›› አልኳት በስልክ።

‹‹እኔንስ ደስ ብሎኛል›› አለች። ‹‹ያ ልጅ ግን አልተመለሰም። ድንኳን የሚወጥርልን ሰው እያጣን ነው።››